አጎቴ «ቀኝ» ያሉት ጎን

አጎቴ ክርክር በተነሳ ቁጥር «ወዴት ዞረሽ ነው?» ይሉኝ ነበር። ቡሬ ሲያስተምሩ፣ በደርግ ጊዜ፣ በመስኮት ቀዳዳ ላይ በደገኑት አቅራቢ መነጽር የሚገባውን የፀሐይ ምስል ወረቀት ላይ እያሳረፉ ጥቋቁር ነጠብጣቦቿን በእርሳስ ይስሉ ነበር። መንግሥት ተለውጦ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ የፀሐይን በራሷ ዙሪያ መዞር ከነዚያ ስዕሎች ልለካ ተነሳሁ። በየወረቀቱ አንድ ጠርዝ ላይ «ቀኝ» ብለው ጽፈዋል። ያንን ጠርዝ ወደ ቀኜ አድርጌ ባየው፣ ወደ ጎን መሄድ የሚገባቸው ነጠብጣቦች ሽቅብ ይወጣሉ።

አጎቴ ሕመም የጠናባቸው ቀን፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የሚወስዳቸው ሚኒባስ ደጅ ላይ ጡሩንባውን ይነፋል። «ጋሼ፣ ስዕሉ ተሳስቷል» አልኳቸው።

ትንፋሽ እያጠራቸው «ወዴት ዞረሽ ነው?» አሉኝ።

«ተያቸው፣ መኪናው ጥሎን ይሄዳል!» አለች እናቴ።

አጎቴ ትከሻዬን ይዘው ለጸሎት እንደሚቆም ሰው ወደ ምሥራቅ አዞሩኝ። «አሁን ቀኝሽ ወዴት ነው?»

«ወደ ደቡብ።»

«እንግዲያስ!» ብለው ተደግፈው ወጡ።

«ቀኝ» ያሉት ጠርዝ ደቡብ ነው ብዬ ካርታ ላይ እንደሚሆነው ወደ ታች ባደርገው፣ ነጠብጣቦቹ መስመራቸውን ይዘው ወደ ጎን ሄዱ። ልነግራቸው ስሮጥ ሚኒባሱ አስፋልት ገብቷል። አጎቴም በሕይወት አልተመለሱም።

እግራቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ሲቀብሯቸው፣ በቀኛቸው፣ በደቡብ በኩል ቆምኩ። ወዴት ዞረሽ ነው የሚለኝ አልነበረም።