ሰላም ሳይል የተሰናበተ ብሎግ

ሰው ማንበብ ትቷል ይባላል። ውሸት ነው። ሰው የተወው እኛ የምንጽፈውን ነው። ይህን ልዩነት ለመረዳት ለዓመታት ብሎግ መጻፍና የአንድ መንገድ መዘጋት አስፈልጎኛል።

ማስተር ፕላኑ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከአዲስ አበባ ጋር ሊያያይዝ ነው ተብሎ ተቃውሞ የተቀጣጠለበት ጊዜ ነበር። ሰበታ ነበር የምኖረው፤ ብሎጌንም ልዘጋ ወስኜ ነበር። ስለ አንባቢ መሳብ የሚመክሩ ሰዎች ያሉትን ሞክሬያለሁ። አጭር ጻፍ አሉ፣ አሳጠርኩ። ርዕስህ ያስደንግጥ አሉ፣ «ሳታውቀው የምትሠራቸው ሰባት ስህተቶች» ብዬ ጀመርኩ፤ ስድስተኛው ላይ ስህተት አለቀብኝ። በየቀኑ ጻፍ ያሉትን ብቻ አልሰማሁም፤ በየቀኑ የሚናገር ጎረቤት ስላለኝ ማን እንደሚያዳምጠው አይቻለሁ። አስተያየት የማይነፍገኝ አንድ ታማኝ ተከታይ ነበረኝ፤ እሱም የፀጉር ማሳደጊያ ቅባት ሻጭ ነው።

ስለዚህ የስንብት ጽሑፍ ጻፍኩ። «በዚህ ከተማ አንባቢ የለም» ብሎ ይጀምራል። ልለጥፈው ስል ዳታ ተቋረጠ። መንገዱ በድንጋይ የተዘጋበት፣ ጎማ የሚቃጠልበት፣ እናቶች ልጆቻቸው እስኪገቡ በር ላይ የሚቆሙበት ሰሞን ነበር። እኔ ግን የተናደድኩት ለስንብቴ ነው። ሰው እንዲህ ነው።

ስህተቴ በወረቀት ላይ ካልሆነ አይታየኝም። እናም ጽሑፉን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩና ወደ ታክሲ ተራው ወጣሁ። እዚያ ጋዜጣ የሚያከራይ ሰው አለ። ትከፍለዋለህ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ታነባለህ፣ ሳትጨማድድ ትመልሳለህ። ጋዜጣው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ስለሆነ መኪና ከቆመ ወዲህ አዲስ ነገር አልነበረውም። ደንበኞቹ ያለፈውን ሳምንት እትም በቃላቸው ሊይዙት ደርሰዋል፤ የጨረታ ማስታወቂያው ሳይቀር።

«ጋሼ፣ የያዝከው ምንድን ነው?» አለኝ።

«የጻፍኩት የማይረባ ነገር።»

«አዲስ ነው?»

«ዛሬ የታተመ።»

«አምጣው። ከትናንት ቁም ነገር የዛሬ የማይረባ ይሻላል።»

ሦስት ገጽ ስለነበር ገነጣጥሎ ለሦስት ሰው አከራየው። ስሜ አልተጻፈበትም። አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ገጽ የደረሰው ክራባት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ ጮኸ። «አንባቢ የለም ይላል እኮ! እኛ ታዲያ እዚህ ምን እየሠራን ነው? ፀሐይ እየሞቅን?»

«ቆይ፣ እኔ ጋ ደግሞ ደህና ሁኑ እያለ ነው» አለች ሁለተኛውን የያዘችው ባለሱቅ። «ምን አጣደፈው?»

«ታክሲ አግኝቶ ይሆናል» አለ አከራዩ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ አለመሳቅ ያጋልጣል።

ሦስተኛው ገጽ የደረሳቸው ሁላችንም ኦቦ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ፉሪ በኩል መሬት አላቸው። ጋዜጣ የሚከራዩትም መሬታቸው ፕላኑ ውስጥ ይግባ አይግባ ለማወቅ ነው። ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች አነበቡ፤ ገልብጠው ባዶውን ጀርባም አዩ።

«ስለ መሬቱ የለበትም» አሉ።

«የለም ኦቦ፣ ሰውዬው እየተሰናበተ ነው።»

«ማንን? መቼ አካም፣ እንዴት ናችሁ ብሎን ያውቃልና ነው ቻው የሚለን? አንድ ቀን እንኳ መሬታችሁስ እንዴት ሆነ ሳይል!»

«እሱን ይጠይቁት፤ የጻፈው እሱ ነው» ብሎ አከራዩ ወደ እኔ ጠቆመ። ከሃዲ።

ኦቦ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ነህ? ጨዋ ሰው ትመስላለህ እኮ።»

«ኦቦ፣ አንባቢ መኖሩን አላወቅኩም።»

«አሁን አወቅክ። ነገ ምን ይዘህ ትመጣለህ?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አማካሪዎቹ ስለ ርዕስና ስለ ፎቶ ነገሩኝ እንጂ፣ ፊቱን አኮሳትሮ የነገውን የሚጠብቅ ሰው እንደሚያስፈልገኝ አልነገሩኝም። እዚያው ድንጋዩ ላይ ኦቦን ስለ መሬታቸው ጠየቅኳቸው። ነገ የእሱ ይሁን አይሁን በማያውቀው መሬት ላይ ጤፍ የሚዘራ ሰው ምን እንደሚሰማው አጫወቱኝ። ጻፍኩት፤ በማግስቱ አምጥቼ ለአከራዩ ሰጠሁት።

ኦቦ አንብበው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አዘኑ ብለሃል። እኔ አዘንኩ አላልኩህም። ተናደድኩ ነው ያልኩህ። አስተካክል።»

አስተካከልኩ። የባንክ ሠራተኛው ደግሞ የኦቦን ነገር ሊሞግት ተነሣ፣ ባለሱቋ እሱን ሞገተች፣ እኔም ለሦስተኛው ቀን የምጽፈው አገኘሁ።

ከዚያ ዳታ ተመለሰ፣ መንገዱም ተከፈተ። ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ ኦቦ ግን በዓይኔ እስካይ ብለው ጋዜጣ መከራየታቸውን አልተዉም። የስንብት ጽሑፌን አልለጠፍኩትም። ዛሬም ድንጋዩ ላይ ያልተነበበ ነገር ብሎጌ ላይ አይወጣም። ስለ ብሎግ የወደፊት ዕጣ ሲከራከሩ ስሰማ ደስ ብሎኝ ወደ ድንጋዬ እሄዳለሁ፤ የእኔው ብሎግ ዕጣ ታክሲ ተራ አጠገብ ተቀምጦ እየተሟገተ ነውና።

እናንተም እዚህ ድረስ ካነበባችሁ አውራ ጣት አትላኩልኝ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ጻፉልኝ።