ቁጥር ያልተጻፈበት ፖስታ

የደረቀውን ሙጫ በቀጭን ቢላዋ ትፍቃለች፤ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በግራ እጇ ጣቶች ደገፍ አድርጋዋለች። የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ቅርንጫፉን ወረቀት ላይ በነጭ ክር መስፋት፣ የረገፈውን ፍሬ በትንሽ ፖስታ ከቶ እዚያው ጥግ ላይ መለጠፍ ነው። ባልደረቦቿ «ቅጠል ሰፊዋ» ይሏታል። ስፌቷ ተገልብጦ ቢታይ እንኳ ቋጠሮ የለውም።

ዛሬ የምትጠግነው ወረቀት ላይ ያለው በሞቃታማው ደን የሚበቅል፣ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ ነው። ግርጌው ላይ «ፍሬው ይበላል» የሚል ተጽፏል። ከአሥር ቀን በፊትም አውጥታው ነበር። በታላቅ እህቷ አጥር ላይ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ሐረግ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። እህቷ ሁለት ፍሬ በመሐረብ ቋጥራ፣ «አንቺ ቅጠል ስትሰፊ ያረጀሽ፣ እስቲ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት። እሷም የፖስታውን አፍ ከፈት አድርጋ አስተያየችው። ያው ሻካራ ልጣጭ፣ ያው ቡናማ ነጠብጣብ።

«ይበላል፣ እትዬ» አለቻት።

ዛሬ ጠዋት እህቷ ደወለች። «ማርማላታውን ልሠራው ነው። ስትመጪ ሁለት ኪሎ ስኳር ያዢልኝ፤ እንደ ልማድሽ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ! ወፎቹ እንኳ ለእኔ አስበው ነው መሰለኝ፣ አንዷንም አልነኩ።» ሁለቱም ሳቁ።

አሁን ግን ሙጫው ሲለቅ ከፖስታው እጥፋት ውስጥ ጣት የምታህል ጭራሮ ወጣች። ከፍሬዋ ጋር እንደተያያዘች ነበር። ቅጠል የረገፈበት ጠባሳ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከፍ ብሎ እዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ የተሰፉት ቅጠሎች ደግሞ ጥንድ ጥንድ፣ ፊት ለፊት ናቸው።

ቢላዋውን አስቀመጠች።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የሁለት የተለያዩ ሐረጎች እሽግ በአንድ ሳምንት መጥቶ ነበር። ነፋስ መስኮቱን በርግዶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን በታተነው። አንድ የፍሬ ፖስታ የየትኛው ሐረግ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ሳይጻፍበት ተረፈ። አለቃዋን መጠየቅ አፈረች። በግምት እዚህኛው ወረቀት ላይ ለጠፈችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ወደ መደርደሪያው ሄዳ የሌላኛውን ሐረግ ወረቀት ሳበች። ቅጠሎቹ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። የፍሬ ፖስታ የለውም። ግርጌው ላይ «ፍሬው መርዝ ነው ይላሉ፤ ወፍም አይቀምሰው» ይላል።

ስልኩን አንስታ ለእህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ የሐረጉ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ነው ወይስ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ?»

«ቆይ እስቲ፣ እጄ በጭማቂ ተጨማልቋል… አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ምነው?»

«ቀመስሽው?»

«ሳይቀመስ ይሠራል እንዴ? ሦስት አራት ፍሬ ቢሆን ነው። መረር ይላል፣ ስኳር ሲገባበት ይተዋል። አፌን ግን ደንዘዝ አድርጎታል።»

«ተፊው! ከእንግዲህ እንዳትነኪው! ጎረቤትሽን ጥሪና ሐኪም ቤት ነይ፣ አሁኑኑ። በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«አንቺ አይደለሽ ይበላል ያልሽኝ?»

ስልኩን ዘጋች። ሁለቱን ወረቀቶች ለሐኪሙ ታሳይ ዘንድ በብብቷ ሸጉጣ ወጣች። መዝገብ ላይ ሳይፈረምበት ከዚያ ክፍል ወረቀት ይዛ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ጥግ ያለውን ሱቅ ቀና ብላ ሳታይ አለፈችው።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስትቆም ታክሲ ደረሰ። እህቷ ጎረቤቷን ተደግፋ ወረደች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ፀሐይዋ የበዛባት ይመስል ዓይኗን ጨፈን ከፈት ታደርጋለች። ቅጠል ሰፊዋ ክንዷን ያዘቻት። ቀዝቅዟል።

«ስኳሩስ?» አለቻት፣ ምላሷ እየተሳሰረ።

«አልገዛሁትም፣ እትዬ።»