የሰጠሁሽ ግንድ ነው

ልጅ ሳለሁ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር፣ አንድ ባላምባራስ በመሬታቸው ላይ ባስጠጉን የጭቃ ቤት ውስጥ ከእናቴና ከእናቴ አባት ጋር እኖር ነበር። እናቴ ዘነበች ጠላ ጠምቃ ትሸጣለች። አያቴን አባባ እለዋለሁ፤ ጉልበቱ ደክሞ አፉ ያልደከመ ሽማግሌ ነበር። ያኔ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ጋዙ እንዳያልቅ ኩራዙን እፍ ብሎ ያጠፋውና በፍሙ ብርሃን ብቻ ፊቱ ቀላ ብሎ እየታየኝ ተረት ይነግረኛል። እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ እንቅልፍ እየጣለኝም ቢሆን፣ ሳይጨርስ አልነሳም ነበር።

ጠላ ያለ ማገዶ አይሆንም። አሻሮው የሚቆላው፣ ቂጣውም የሚጋገረው በእንጨት ነው፤ በክረምት ደግሞ ደረቅ እንጨት ማግኘት ጭንቅ ነው። በአንድ የሐምሌ ማለዳ ታዲያ፣ ሌሊቱን ሲያናውጥ ያደረው ነፋስ የባላምባራሱን ትልቅ ጥድ ከነሥሩ ነቅሎ አጥራቸው ላይ ጣለው፤ መንገዱንም ዘጋው። ባላምባራሱ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጥተው አዩትና እናቴን አስጠሯት።

«ዘነበች፣ ይኼን ግንድ አንሺልኝና ማገዶ አድርጊው። ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አሏት።

እናቴ እጅ ነስታ፣ እየሮጠች ተመለሰች። ከጎረቤት አናጢ መጋዝ ተዋሰች፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ስንገዘግዝ ሰነበትን። ጉማጁን በቁልቁለቱ እያንከባለልን ወደ ደጃችን እናወርደዋለን፤ አባባ ተቀምጦ ሽብልቁን ስንጥቁ ላይ ያስገባል፤ እናቴ በመጥረቢያው ጀርባ ትመታለች። የጥዱ ሙጫ ፀጉራችን ውስጥ ገብቶ በውኃ አልለቅ አለን። የእናቴ መዳፍ ውኃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ፤ በጨርቅ ጠቅልላ ትፈልጣለች። ፍልጡን ከክፍክፉ ሥር፣ ግድግዳውን አስደግፈን ደረደርነው። ፀሐይ ብልጭ ስትል እያገላበጠች ታደርቀዋለች። ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ጠላ ልትጠምቅ ጌሾዋን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር።

እንጨቱ ደርቆ ሲያበቃ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ የባላምባራሱ ሎሌዎች አህዮች እየነዱ መጡ።

«ለእንቁጣጣሹ ድግስ እንጨቱን አምጡ ብለዋል» አለ አንደኛው፣ የእናቴን ዓይን ላለማየት መሬት መሬት እያየ።

«የእኔ ነው እኮ! ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ ዘነበች። ታዝዤ ነው።»

ግድግዳው ባዶ እስኪቀር ጭነው ሄዱ። ቅርፊቱን ብቻ ተዉልን።

ያን ቀን ማታ በዚያ ቅርፊት ጭስ ታፍነን ተቀምጠን ሳለ፣ አባባ ሊያጽናናን ይመስለኛል፣ ተረት ጀመረ። አንድ በሬ አርሶ ያበቀለውን ገብስ የጌታው ፈረስ በላበት፤ በሬው ግን «እግዜር ይየው» ብሎ ዝም አለ፤ ፈረሱም በኋላ ጦር ሜዳ ሄዶ ሞተ።

«ገብሱንስ ለበሬው ማን መለሰለት?» አልኩት።

አባባ ፍሙን ቆሰቆሰ።

«መልስላት እንጂ አባዬ» አለች እናቴ ከጥግ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባላምባራሱን ጠበቀቻቸው። ሰው ከብቧቸው መጡ። ፊታቸው ቆመች።

«ባላምባራስ፣ እንጨቴን ይመልሱልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩአት። «የሰጠሁሽ ግንድ ነው። መቼ ነው ፍልጥ የሰጠሁሽ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ከእሳቸው ይልቅ ዛሬም ደሜን የሚያፈሉት እነዚያ የሳቁት ናቸው፤ ጠላችንን በዱቤ የሚጠጡ ሁሉ ነበሩባቸው።

እናቴ ግን ጨርቁን ፈትታ መዳፏን ዘረጋች። «ግንዱን ፍልጥ ያደረገው ይኼ ነው። የድሀ ጉልበት ወስደው ሚካኤልን በየትኛው አፍዎ ተሳለሙት?»

ሳቁ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እንጨቱን ያስመልሱልናል ብዬ ደስ አለኝ። እነሱ ግን ባላምባራሱ መሬቴን ልቀቁ ማለታቸውን ነገሩን፤ እናቴ ይቅርታ ካልጠየቀች በዚህ ዝናብ ሜዳ ላይ መውደቃችን ነው አሉ።

«ብሞት አላደርገውም!» አለች።

በማግሥቱ አባባ ከደጃችን አንድ ድንጋይ አነሳ፤ ማንንም ሳያናግር አንገቱ ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ። ተከተልኩት። በባላምባራሱ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ። እሳቸው ውስጥ ቁርስ እየበሉ ነበር፤ የሳህኑ ድምፅ ይሰማኛል። ዝናቡ ጀመረ፤ አባባ አልተንቀሳቀሰም፣ እግሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ድንጋዩን ላግዘው እጄን ብሰድ በዓይኑ ከለከለኝ። በኋላ ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«በል ጣለው። ይቅር ብያለሁ።»

እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ድንጋዩ አንገቱ ላይ የተወውን ጭቃና ደም በነጠላዋ ጠረገችለት፤ እንጨቱ ሲወሰድ ያላለቀሰችው ያኔ አለቀሰች። ቤቱን አልለቀቅንም፤ እንጨቱም አልተመለሰም። ያን ዓመት እንቁጣጣሽ ጠላ አልጠመቅንም። አባባ ከዚያ በኋላም ብዙ ተረት ነግሮኛል፤ የዚያን በሬ ተረት ግን አልደገመውም፣ እኔም ድገመው አላልኩትም።

አባባ ብልህ ነበር ይሉኛል። እውነት ነው፤ ያደግሁት ባዳነው ቤት ውስጥ ነው። ግን በር ላይ የሰማሁት የሳህን ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ አርጅቼም ንዴቱ አላረጀም። የንስሐ አባቴ ይቆጡኛል። «ሰውዬው ሞቱ፣ መሬታቸውም ተወረሰ፤ ምን ቀረሽ? ይቅር በያቸው እንጂ» ይሉኛል።

«አባቴ፣ ምኑን ይቅር ልበል?» እላቸዋለሁ። «ይቅርታ የጠየቅነው እኮ እኛ ነን።»