ራፍአት፣ የማይከፍት ቁልፍ ሠሪው

ግብፅ፣ ጣንጣ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግን ራፍአት የሚባል ሰው አለ። የሱን ነገር የምጽፈው በቴሌቪዥን እየወጡ «ኢንተርኔት ወጣቱን አበላሸው» የሚሉት ሰዎች ስላንገሸገሹኝ ነው። መጥታችሁ ራፍአትን እዩታ! ጥፋት ከተባለ ምን እንዳጠፋ እኔው እነግራችኋለሁ።

ሱቁ አንዱ ከተቀመጠና አንዱ ከቆመ ሦስተኛው ውጭ የሚቀርባት ጠባብ ናት። የሚመጣው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ያ ባሻ፣ ጌታው፣ ቁልፍ አለህ?» የበር ቁልፍ አይደለም። ፕሮግራም ስትጭን «ለመግዛትህ ማረጋገጫ አምጣ» ብሎ የሚጠይቅህ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ለደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም ጡረተኛ ጾሙን ቢከርም የማይሞላውን ዋጋ ይጠሩና፣ ሰው ቁልፍ ሲለምን ሌባ ይሉታል! ይህን ልተወው፤ ከጀመርኩ አላቆምም።

ራፍአት «የለኝም» ማለት ሲታክተው የውሸት ቁልፍ መፍጠር ጀመረ። ወጣቶቻችን ስልክ ላይ ዐረብኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጻጻፉት፤ ላቲኑ የሌለውን ድምፅ በቁጥር ይሞሉታል። እንግዲህ «ፉል በዘይት፣ ከሙንና ሎሚ ጨምርበት» የሚለውን እንዲያ ጽፈህ አምስት አምስት አድርገህ ብትቆራርጠው፣ ቁርጥ እውነተኛ ቁልፍ! ወጣት አንብቦ በሳቅ ይፈርሳል። ራፍአት ይህንን ኢንተርኔት ላይ ባለ የጓደኞቹ ግሩፕ ውስጥ ለጠፈው። ሌላው ኮሸሪ የሚባለውን የሩዝና የምስር ምግብ ቁልፍ አድርጎ አመጣ፣ ሌላው አማቱን የሚያማ ቁልፍ። ግሩፑ ከተማውን አልፎ ሄደ።

ማንም ሳያወጣው ሁሉም የሚያከብረው ደንብም ተፈጠረ። ከውሸት ቁልፍ ሥር «አልሠራም» ብሎ መጻፍ ነውር ነው። ሁሉም «ሠራልኝ! እጅህ ይባረክ!» ይላል። «ስንት ዓመት የፈለግኩት ቁልፍ፣ አላህ ጀነት ውስጥ ቤት ይሥራልህ» ይላል። ነጭ ጋውን ለብሶ ፎቶ የተነሳ ሐኪም ሳይቀር «ለክሊኒኬ በሙሉ ጫንኩት» ብሎ ጽፏል። ማን ተዘረፈ? ማንም። የሚዘርፉትማ እነዚያ የማይሠራ ቁልፍ አሽገው፣ ማኅተም መትተው፣ የምር በገንዘብ የሚሸጡት ናቸው። እነሱን በቴሌቪዥን የሚነካቸው የለም።

እንዲህ እያለ ራፍአት ፋርማሲ የምትሠራ ኢብቲሃል የምትባል ልጅ ወደደ። ወደደችው። የቀረው አባቷ ነበሩ። ሐጅ ወግዲ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እሺ ካላሉ ነገሩ አበቃ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ራፍአት፣ እናቱ ኡም ራፍአትና ጓደኛው እኔ ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ ይዘን ልጅቷን ለጋብቻ ልንጠይቅ ሄድን። ሊፍቱ ተበላሽቶ እስከ ላይኛው ፎቅ በደረጃ ወጣን።

«ይኼን ሊፍት የሚያሠራው ጠፋ?» አሉ ኡም ራፍአት እያለከለኩ።

«ሐጁ አቤቱታ ሊጽፉ ነው ብላኛለች ኢብቲሃል» አለ ራፍአት።

«እስኪጽፉ እኔ እዚሁ ደረጃ ላይ እሞታለሁ። ያኔ ሠርጉ ይቀርና ለቅሶ ትቀመጣለህ!»

ሐጅ ወግዲ ደኅና አድርገው ተቀበሉን። ሻይ ቀረበ። «ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

«ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ሐጅ።»

«እሱንስ አውቃለሁ። መልክህንም አውቃለሁ።» ተነሥተው ገቡና ኮምፒውተራቸውን ይዘው ወጡ። ባስቡሳውን ገፋ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ስልካቸውን ከጎኑ። ስልኩ ላይ የራፍአት ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር የፉሉ ቁልፍ።

«ይኼን የለጠፍከው አንተ ነህ?»

ራፍአት አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ።»

«በል አስገባው።»

ቁልፉን መታው። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ልክ አይደለም።

«እንደገና።»

እንደገና መታው። ቀይ።

«ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ መልስ ጀምሬ እስከ መግሪብ ይኼንኑ ስመታ ዋልኩ» አሉ ሐጅ ወግዲ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «የሊፍቱን አቤቱታ ልጽፍ ብዬ። ምሳዬን አልበላሁም። መነጽሬን ጠረግኩ፣ መነጽር ቀየርኩ። ሥሩን ሳነብ ያ ሁሉ ሕዝብ ሠራልኝ ይላል! ሐኪሙ ሠራልኝ ይላል። ለኔ ብቻ አልሠራም። የተጭበረበረ ትኬት በጣቴ ዳብሼ የምለይ ሰው ነበርኩ። በቃ ደነዘዝኩ፣ ጭንቅላቴ ሄደ ብዬ ለልጄ እንኳ ሳልናገር ዋጥኩት።»

ኢብቲሃል ከማድ ቤቱ በር ላይ አፏን ይዛ ቀረች። ሊያመልጠኝ የነበረውን ሳቅ ትቼ ተናደድኩ። ቀልዱ አይደለም ያናደደኝ። ያ ሁሉ ሰው «ሠራልኝ» ሲል ቀልዱን የማያውቅ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አንድ እንኳ አለመኖሩ ነው።

ራፍአት መውጫ ነበረው። «አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ አሁን ላስተካክለው» ቢል፣ የሆነ መላ ፈልጎ ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ ጎበዝ ተብሎ ይወጣ ነበር። የግሩፑም ደንብ ይከበር ነበር። እናቱ ጎኑን ቆነጠጡት። «ተናገር እንጂ አንተ ደረቅ!»

«ሐጅ፣ ለማንም አልሠራም» አለ።

«ምን ማለት ነው ለማንም?»

«ለማንም። ሁሉም ሲዋሽ ነው። ቀልድ ነው።»

«ያ ሁሉ ሰው?»

«ያ ሁሉ ሰው።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ ከሁሉም የባሰ ቀጣፊ ነው። ክሊኒክም የለው፤ እንስሳት ሐኪም ነው፣ በሞተር ሳይክል እየዞረ የገበሬ ጎሽ ነው የሚያክመው። እርስዎ ምንም አልሆኑም፣ ሐጅ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሐጅ ወግዲ ስልኩን አነሱ። «ለመሆኑ ጽሑፉ ምን ይላል?» አሉ።

ራፍአት አቀርቅሮ አነበበላቸው። «ፉል በዘይት፣ ከሙንና ሎሚ ጨምርበት።»

«ምሳዬን ያስቀረኝ ፉል ነው?!»

ከዚያ ሆዳቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መነጽራቸው ሻዩ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። «ፉል!» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ደግሞ «ፉል!» ኡም ራፍአት ምኑም ሳይገባቸው ከሁላችን በላይ ሳቁ። እንዲያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ሐጅ፣ ታዲያ የልጆቹስ ነገር?» አሉ ኡም ራፍአት ሳቁ በረድ ሲል።

ሐጅ ወግዲ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ኢብቲሃል ቀዩን ጽሑፍ አየችው፣ ራፍአትን አየችው። «ለኔ ሠርቶልኛል፣ አባዬ።»

ሐጅ ወግዲ እጃቸውን ለራፍአት ዘረጉ። «እጅህ ይባረክ።»

ለእጮኝነቱ ፋቲሓ ተቀራ። የኡም ራፍአት እልልታ ምድር ቤት ድረስ ተሰማ። ራፍአት እዚያው በነጻ የሚሰጥ የመጻፊያ ፕሮግራም ጫነላቸው፤ አቤቱታውም ተጻፈ። የሕንፃው ባለቤት አንብቦት ከሆነ እኔ እንጃ፤ አንብቦት ካላሠራው ይፈር።

ግሩፑም አንድ ደንብ ጨመረ። አሁን ከማንኛውም የውሸት ቁልፍ ሥር መጀመሪያ የሚጻፈው «ሐጅ፣ ምሳዎን ይብሉ» ነው። ያንን ያየ እንግዳ ጠይቆ ይረዳል፤ «ሠራልኝ» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐጅ ወግዲ ራሳቸው ገብተውበት አላስቀምጥ ብለዋል። የሙሽሮቹ ቤት እዚያው ሕንፃ ላይ ሆነና፣ ፍሪጁን በትከሻችን ተሸክመን ደረጃውን ስንወጣ የሁላችንም ስልክ ጮኸ። ሐጁ አዲስ ቁልፍ ለጥፈዋል፦ የሊፍት ቁልፍ። ሥሩ ሰው ሁሉ «ሠራልኝ!» ይላል። ራፍአት ፍሪጁን በአንድ ትከሻው ደግፎ፣ ባዶ በሆነው እጁ «ሠራልኝ፣ እጅዎ ይባረክ» ብሎ ጻፈ።

«ያዝ፣ ያዝ እንጂ አንተ!» ብዬ ጮህኩበት።