የማያፏጨው ድስት

እኛ ስደተኞች በምንኖርበት በሜይፌር ሰፈር ውስጥ ከጓሮዋ ሆና ምሳ የምትሸጥልን የሰሜን ህንድ ሴት አለች። ስሟን አናውቅም። እሷ ሁላችንንም «ቤታ» ትለናለች፤ በአገሯ ቋንቋ ልጄ ማለቷ ነው። ጓደኛችን ካሚል ግን ቤት የምታከራይ መስሎት፣ ኪራዩ ስንት ነው ሲላት ከርሟል።

የብረት በሯ ላይ የተደረደረውን ጓጉንቸር የሚታገል ሌባ፣ ከፍቶ ሳይጨርስ ጡረታ ይወጣል። ከብረቱ ጀርባ ቆማ፣ ሻሿ ዱቄት ለብሶ፣ ሮቲ የሚሉትን ቂጣ ሊጥ እየዳመጠች ትመክረናለች። «ቤታ፣ ሰው እንደ ሊጥ ነው፤ ካላረፈ ይቀደዳል።» እሷ ግን መንገዱ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር መዳመጫዋን እንደ ዱላ ትጨብጣለች።

ምስሩን በተራ ድስት ስለምትቀቅለው ምሳችን እስኪደርስ ጢማችን ያድጋል። መደርደሪያዋ ላይ ደግሞ ያ በእንፋሎት የሚያፏጨው ፈጣን ድስት እንደ ዋንጫ ተወልውሎ ተቀምጧል።

አንድ ቀን ካሚል ደስ ብሎት እያፏጨ መጣና፣ «ማማ፣ ይሄ ድስት ለጌጥ ነው እንዴ?» አላት።

መዳመጫው ከእጇ ወደቀ።

«አታፏጭ፣ ቤታ» አለች በሹክሹክታ። «ባሌ ሳለ፣ አንድ ቀን ፉጨት ስሰማ ድስቱ መስሎኝ እሳቱን ልቀንስ ገባሁ። ለካ በር ላይ ሌቦች በፉጨት ሲጠራሩ ኖሯል። ባሌ ደንበኛ መጣ ብሎ ሊከፍት ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

ካሚል አሁን ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ፣ ሰፈሩ እየሳቀበት፣ እንደ ታክሲ ረዳት ይጮኻል፦ «ካሚል ነኝ፣ ማማ! ካሚል ብቻ!»

እሷም ጓጉንቸሮቿን አንድ በአንድ እየነካካች፣ «ብቻህን?» ትለዋለች።