እታለም ያስቀሩት ቃል

ደመቀች የባሏን ታላቅ እህት ሸጋን በስሟ ጠርታት አታውቅም። በጎንደር ወግ ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም፤ ስም ታወጣላቸዋለች። እሷም በሠርጓ ሰሞን ለሸጋ «እታለም» የሚል ስም አወጣችላት። ዓመታት አልፈው፣ እስራኤል አገር ፔታሕ ቲክቫ ከተማ መጥተው ሻአሪያ ሰፈር ውስጥ ቤት ከያዙ በኋላም እታለም እታለም እንደተባለች፣ አንቱታውም እንዳለ ቀጠለ።

ሸጋ በሱዳን በኩል ቀድማ የመጣች ናት። ዕብራይስጡን አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ሽቶ ትቀባለች፣ ሐኪም ፊት እግሯን አነባብራ ትቀመጣለች። ደመቀች በዚያን ጊዜ «ሻሎም» ካለች በኋላ የምትጨምረው አልነበራትም። ስለዚህ ስትለምን ኖራ ያገኘችው አንድ ልጇ አሚት ሲታመም፣ የምትናገረው ሁሉ በእታለም አፍ ማለፍ ነበረበት። ታዲያ ከባል እህት ወዲያ ማን ይታመናል!

አሚት ጡት ብቻ ይጠባ በነበረ ጊዜ ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ ነበር። የስንዴ ገንፎና ዳቦ መቅመስ ሲጀምር ነገር ተበላሸ። ሆዱ ተነፋ፣ ክንዱ ቀጠነ፣ መቀመጫው ሟሸሸ። ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። ቅዘኑም የጤና አይደለም፤ የነጣ፣ ቅባት የበዛበት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ጠረኑ ቤት የሚያስለቅቅ ነው። አባቱ ላቀው ከፋብሪካ ሲመጣ ገና ከበሩ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ይል ነበር። መጀመሪያ ይሳቅበት ነበር፣ ኋላ ግን የሚስቅ ጠፋ። ደመቀች ልጁን ባቀፈችው ቁጥር እየቀለላት ሲሄድ፣ ይሞትብኛል ብላ መፍራት ጀመረች።

«እታለም፣ ይንገሩልኝ» ትላለች ክሊኒክ በሄዱ ቁጥር። «ያስቀምጠዋል ይበሏት። ነጭ ነው፣ ይሸታል፣ ፋታ አልሰጠውም ይበሏት።»

ሸጋ ወደ ሐኪሟ ዞር ትልና ፈገግ ብላ ጥቂት ቃል ጣል ታደርጋለች። የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ልጁን አብሉት፤ ዳቦ ስጡት፤ ገንፎውን አብዙለት። ደመቀችም የታዘዘችውን ትፈጽማለች። ልጁ አፉን ሲያዞርባት «ለናትህ ስትል» እያለች፣ እያባበለች፣ በገዛ እጇ ታጎርሰው ነበር። ኋላ ከሁሉ ይበልጥ ከልቧ አልወጣ ያለው ይህ ነው።

ከዚያ እዚያው አጠገብ ጋኔይ ቲክቫ በምትባል ከተማ ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በጽዳት ተቀጠረች። ሌላው ቋንቋ በደብተር ይማራል፤ ደመቀች በመጥረጊያ ተማረች። ልጅ ቀዝኖ ወለሉ ሲበላሽ ሞግዚቶቹ «ደመቀች! ሺልሹል!» ብለው ይጮኻሉ። ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ወለሉን ማየት ይበቃል። ምሳውን ገፍቶ የሚነሣ ልጅ ሲኖር ደግሞ «ሎ ኦኼል» ይባባላሉ፤ አይበላም ማለት ነው። ከዕብራይስጥ ሁሉ አበጥራ የያዘችው እነዚህን ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደ ልማዷ ሁሉንም ለእታለም ነገረችና ያቺን ቃል ለመስማት ጆሮዋን አቀናች። ዛሬስ ሲወራ ይገባኛል ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሸጋ ተናገረች። ሺልሹል የሚል ከአፏ አልወጣም። «ሎ ኦኼል» አለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋም ደገመችው።

ደመቀች ጆሮዋን አላመነችም። ልጁ እኮ ይበላል! የበላው ነው አልበረክት ያለው።

«እታለም፣ ስለ ቅዘኑ ነግረዋታል?»

«ነግሬያታለሁ እንጂ! በሰደር፣ ደህና ነው፤ ያላ፣ ተነሺ» አለች ሸጋ፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

ስህተት ቢሆን ደመቀች ይቅር ባለች ነበር። ይህ ግን የልጇን ሕመም ደብቆ እሷኑ መዋሸት ነው፤ ያውም በእታለም አፍ። አልተነሣችም። አሚትን ጭኗ ላይ አጋድማ ሽንት ጨርቁን ፈታችው። ጠረኑ ክፍሉን ሞላው።

«ሺልሹል!» አለች ለሐኪሟ። «ኦኼል፣ ኦኼል! ሺልሹል!»

ሸጋ «ኧረ አታዋርጂን!» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ሐኪሟ ግን ጎንበስ ብላ ቅዘኑን አየች፣ የተነፋውን ሆድ ዳሰሰች፣ የሟሸሸውን መቀመጫ በጣቷ ቆንጠር አደረገች። ፊቷ ተለወጠ። ዳቦ ሳይጀምር እንዲህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። በዚህ ጊዜ ሸጋ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም አስተረጎመች።

ደሙ ተመረመረ፤ ከትንሹ አንጀቱም ቅንጣት ተወስዶ ታየ። በሽታውን ጸሊያክ ይሉታል፤ ስንዴና ገብስ የገባበት ምግብ ሁሉ አንጀቱን ያቆስለዋል። ለካ አብሉት የተባለው ዳቦ ነበር ልጁን ሲበላው የኖረው። ዳቦው ቀርቶ ሩዝ፣ ድንችና በቆሎ ሲተካ ሆዱ እያደር ጎደለ፣ ጉንጩም ተመለሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሸጋ ለልጁ አሻንጉሊት ይዛ መጣች። ላቀውም ቤት ነበር።

«ቆይ፣ እኔ ምን በደልኩሽ?» አለች። «በፈረንጅ ፊት ስለ ቅዘንና ስለ ሽታ ላውራ? አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው ስንቀመጥ አፍንጫቸውን ሲይዙ አላየሽም? ስማችንን ብዬ ነው።»

ደመቀች ነገሩ ገባት። አውቶቡሱንም አፍንጫውንም ታውቀዋለች። መግባቱ ግን ቁጣዋን አላበረደውም፤ አባሰው እንጂ። አውቃ ነው ያደረገችው ማለት ነው።

ቢሆንም ወግ አላጓደለችም። ሻይ አቀረበች። አሚት ወደ አክስቱ ሲሄድም አልከለከለችውም። ሸጋ ይቅር የተባለች መስሏት ልጁን ታቅፋ ተደላድላ ተቀመጠች። ደመቀች የስኳሩን ዕቃ ገፋ አደረገችላት።

«ሸጋ፣ ስኳር ጨምሪ።»

ሸጋ ብርጭቆውን እንዳነሣች ቀረች። ወደ ወንድሟ ዞር አለች፤ ላቀው መሬት መሬት ያያል።

«ምን አልሽኝ?»

«ስኳር ጨምሪ ነው ያልኩሽ፣ ሸጋ።»

ሸጋ ልጁን ከጭኗ አወረደችው፤ ሻዩንም ሳትቀምሰው ተነሥታ ሄደች።