አንድ አዴ ስንት ግራም ናት?

ሚዛን እያላችሁ መመዘኛው ጠፍቶባችሁ ያውቃል?

እኔ ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነቀምቴ ላይ ገጥሞኛል። ቤተ ሙከራችን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነበረው፤ ከመመዘኛ ብረቶቹ ግን አንድም አልተረፈም። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ሐሙስ ዕለት የክብደት ልኬት ሳስተምር ሊያዩ ይመጣሉ። የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ ቋሚ መሆኔ በእሳቸው ፎርም ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ባኬ ጃማ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ከእኔ በፊት የኖረ ሕንዳዊ መምህር ከመዳፍ የማትበልጥ የናስ ሐውልት ትቶ ሄዷል። ሂንዱዎችም ቡድሂስቶችም የሚያመልኳት እንስት አምላክ ናት። ተቀምጣ ቀኝ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታለች፤ ከባጃጅ የምትወርድ ትመስላለች። አከራዬ መጣሉንም ማስቀመጡንም ፈርተው ለእኔ ሰጡኝ። «ባርሲሳ» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ «አንተ ሳይንስ ነህ፤ አንተን ምንም አታደርግህም።»

በጠፉት ብረቶች ፋንታ ሐውልቷን ይዤ ክፍል ገባሁ። ለተማሪዎቼ ስሟ ታራ ነው ብላቸው የመናኸሪያው ተራ ትዝ ብሏቸው ሳቁ። ደግሞም ትልቅ ሴት በስሟ ብቻ አትጠራም ብለው «አዴ» አሏት፤ እዚህ እናቶች የሚከበሩበት መጠሪያ ነው። በዚያው መለኪያችን ሆነች። ስምንት ትልልቅ ሚስማሮች ከእሷ ጋር እኩል ስለመዘኑ፣ አንዱ ሚስማር የአዴ አንድ ስምንተኛ ነው አልን።

ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ተቀመጡ። አንዲት ተማሪ ድንጋይ መዝና ሰሌዳው ላይ «ሁለት አዴ ከሦስት ሚስማር» ብላ ጻፈች።

እሳቸውም አንድ አዴ ስንት ግራም እንደሆነች ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ስለዚህ ማስረዳት ጀመርኩ፤ መለኪያ ስምምነት መሆኑን፣ ኪሎግራም ራሱ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይ አገር ተቆልፎበት የኖረ አንድ ብረት እንደነበር።

«እሱም እግሩን ዘርግቷል?» አሉ።

የሳቀ የለም። ተነስተው መጡና ስልካቸውን ሳህኑ ላይ አኖሩት። አንድ አዴ ከአራት ሚስማር። አላመኑም መሰለኝ፣ ሚስማሮቹን በእጃቸው ቆጥረው ደገሙት። ከዚያ ፎርሙ ላይ «ከአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ መርጃ መሣሪያ አዘጋጅቷል» ብለው ጻፉ።

ከሕንድ የመጣችው አዴ የአካባቢ ቁሳቁስ ሆነች፤ ከወሎ የመጣሁት እኔም ቋሚ ሆንኩ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከቤታችሁ ከበድ ያለ ነገር ምረጡ፣ «አንድ» በሉት፣ ሌላውን ሁሉ በእሱ መዝኑ። ሚዛን ከሌላችሁ የልብስ መስቀያና ሁለት ፌስታል ይበቃል።